የበሬው ምስጋና

ባለፈው ሰሞን አንድ ጽሑፍ ለማሳተም ሰፈራችን ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ቤቷ ከአንድ ቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ከዚያ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ወረቀት። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ልጅ አለች፤ በየት በኩል ገብታ እንደተቀመጠች ፈጣሪ ይወቀው። ፍላሼን ሰጠኋት፤ ሰካችው። ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ሐኪም ክፉ ዜና ሊናገር ሲል እንደሚያየው ዓይነት አየችኝ።

“ጋሼ፣ ይሄን ፍላሽ እኮ ቫይረስ ጨርሶታል።”

“ጽሑፌስ?”

“ጽሑፍዎ አለ፣ አይስጉ። ፍላሽ መች ይረሳል!”

ቫይረሱን እስክታጸዳ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ቆምኩ። ሁሉም ፍላሹን ይዟል። አንዱ አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አንጠልጥሎታል፤ አንዱ ከቤት ቁልፉ ጋር አስሮታል፤ አንዷ ደግሞ ከቦርሳዋ ጥግ፣ ከሳንቲሙ መሀል ትፈልገዋለች። እንዲያው ለጨዋታ ያህል “ለመሆኑ ይሄን ነገር ማን ነው የፈለሰፈው?” ብዬ ጠየቅኩ።

“ቻይናዎች ናቸዋ!” አለ ባለ ማተቡ።

“ቢል ጌትስ መሆን አለበት” አለች ባለ ቦርሳዋ።

ልጅቷ ከኪቦርዱ ቀና ሳትል ነገሩን ቋጨችው፤ “ማንስ ቢሠራው ምን ያደርግልናል ጋሼ? ዋናው መሥራቱ ነው።”

ጽሑፌን ተቀብዬ፣ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። “ዋናው መሥራቱ ነው” የምትለው ቃል ግን ተከትላኝ ወጣች። ይህችን ቃል ከልጅቷ በፊት አንድ ግዙፍ ኩባንያ ብሏታል፤ በአፉ ባይሆን በሥራው። ልጅቷስ ባታውቅ ነው፤ አይፈረድባትም። ኩባንያው ግን ሰውየውን በስም ያውቀው ነበር። ደመወዝ ከፋዩ እሱ ነበርና!

ሰውየው ፉጂዮ ማሱኦካ ይባላል። በ1943 ጃፓን ውስጥ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1971 ቶሺባ ተቀጠረ። በዚያን ዘመን በቺፕ ላይ የሚቀመጥ መረጃ አስቸጋሪ ጠባይ ነበረው። አንዱ ዓይነት ቺፕ ፈጣን ነው፤ ግን መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። (ጽፎ ሳያስቀምጥ መብራት የጠፋበት ሰው ለዚህ ምሳሌ አያስፈልገውም።) ሌላው ዓይነት መብራት ቢጠፋም አይረሳም፤ ግን አንዴ የተጻፈበትን ማጥፋት ፈተና ነው። ገሚሱ በአልትራቫዮሌት ጨረር ካልተመታ አይጠፋም። ገሚሱ በኤሌክትሪክ ይጠፋል፤ ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዷ የመረጃ ቅንጣት ሁለት ትራንዚስተር ስለሚፈልግ ዋጋው አይቀመስም።

ማሱኦካ ከተሰጠው የዕለት ሥራ ጎን ለጎን አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ያሰላስል ጀመር። አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ሲያጠፋ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ እየነካ አያጠፋም። ዳስተሩን ይዞ አንዴ ጠረግ! ቺፑም እንደዚሁ በአንድ ጊዜ ተጠራርጎ ቢጠፋ ለእያንዳንዷ ቅንጣት አንድ ትራንዚስተር ይበቃል፤ ቦታው ይጠባል፤ ዋጋው ይወርዳል። ይኸው ነው። ሾጂ አሪኢዙሚ የሚባል የሥራ ባልደረባው መረጃው በአንዴ ብን ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ብልጭታ ትዝ አለውና “ፍላሽ” ብሎ ስም አወጣለት። እኛ ዛሬ “ፍላሽህን ስጠኝ” ስንል የዚያን ባልደረባ ቃል ነው የምንደግመው።

በ1984 ማሱኦካ ሥራውን ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አቀረበ። በ1987 ደግሞ ናንድ የሚባለውን ሁለተኛውን ዓይነት ይዞ መጣ። ዛሬ በየስልኩ፣ በየላፕቶፑ፣ በካሜራው ካርድና በፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ እጅ ያለው እሱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአሜሪካው ኢንቴል ነገሩን ሰምቶ ዝም አላለም፤ መሐንዲሶቹን አሰልፎ በ1988 ፍላሽ ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ቶሺባስ? ቶሺባ የራሱ ልጅ የወለደውን ልጅ እንደ እንግዳ ነበር የሚያየው። ማሱኦካ ለዚህ ሥራ ከኩባንያው ያገኘው ጉርሻ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ቀጥሎ ደግሞ ወደ አንድ የክብር ወንበር ሊያዛውሩት አሰቡ። ወንበሩ ማዕረግ አለው፤ የሚያዝዘው ሰው ግን የለውም፤ ምርምር የሚሠራበትም አይደለም። እኛ መሥሪያ ቤት ይህ ወንበር “አማካሪ” ይባላል። የሚያማክረው ሰው ስለሌለ ጋዜጣ ያነባል። ማሱኦካ ጋዜጣ ማንበቡን አልወደደውም። በ1994 ቶሺባን ለቅቆ ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ በአስተማሪነት ተመለሰ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ፍላሽ ዓለምን አጥለቀለቀ። በ2004 ማሱኦካ የቀድሞ ቀጣሪውን ፍርድ ቤት ገተረው፤ የጠየቀው 1 ቢሊዮን የን ነበር። በ2006 ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ያገኘው 87 ሚሊዮን የን ነው። ከጠየቀው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ይህን ታሪክ ማኪያቶ ይዘን ለአንድ ነጋዴ ወዳጄ አጫወትኩት። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። የሠራተኛ ደመወዝ አሳልፎ አያውቅም፤ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ያድላል። ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ ግን ትከሻውን ሰበቀ።

“ታዲያ ምን በደሉት? ደመወዙን በልቷል አይደል እንዴ?”

“በልቷል።”

“ላቦራቶሪው የማን ነው? ማሽኑስ? መብራቱስ?”

“የኩባንያው።”

“ሐሳቡ ባይሳካስ ኖሮ ደመወዙን ይመልስ ነበር?”

“አይመልስም።”

“በቃ! እኔ ቤት ዳቦ ጋጋሪዬ ዳቦው ተሸጠ ብሎ ቢከሰኝ ምን ልትለኝ ነው?”

እውነቱን ለመናገር እዚያው መልስ አጣሁ። ወዳጄ የሚናገረው የእሱን ብቻ አይደለም፤ የዓለም ኩባንያዎች ሁሉ ጠበቃ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚለውን ነው። ክርክሩም ባዶ አይደለም። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሐሳብ ሲሳካ ብዙ ሐሳብ ይወድቃል። ለወደቀውም ደመወዝ ተከፍሏል። የተሳካውም ቢሆን ከወረቀት ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ገበያ እስኪደርስ በሺህ የሚቆጠር ሰው ላቡን ያፈስበታል። ለአንዱ ብቻ እልል ከተባለ የሌላው እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ወዳጄን በሌላ ታሪክ ልፈትነው አሰብኩ። ይሄኛው ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ደግ የነበረበት ታሪክ ነው።

ሺኮኩ በሚባለው የጃፓን ደሴት፣ አናን በምትባል ትንሽ ከተማ ኒቺያ የሚባል የኬሚካል ኩባንያ አለ። በ1979 ሹጂ ናካሙራ የሚባል ወጣት እዚያ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ኤልኢዲ የሚባለው ትንሹ መብራት ቀዩም አረንጓዴውም ተሠርቷል። ሰማያዊው ግን እምቢ ብሏል። ሰማያዊ ከሌለ ደግሞ ነጭ ብርሃን የለም፤ ነጭ ብርሃን ከሌለ ኤልኢዲ የሬዲዮ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታት ለፍተው ያቃታቸውን ነገር ናካሙራ ልሞክር አለ። የኩባንያው መሥራች ኖቡኦ ኦጋዋ ወደ 500 ሚሊዮን የን ፈቀዱለት። ዶክትሬት እንኳ ላልነበረው፣ ከገጠር ከተማ ላልወጣ ሠራተኛ! ሽማግሌው ሊመሰገኑ ይገባል፤ የተበላ ዕቁብ ሊሆን ይችል ነበርና።

ቆይቶ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ሥራውን አቁም አለው። ናካሙራ አላቆመም። የማምረቻ ማሽኑን በገዛ እጁ እየፈታ፣ እየበየደ፣ መልሶ እየገጠመ ቀጠለ። ናጎያ ላይ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ የሚባሉ ሊቃውንት ጋሊየም ናይትራይድ በሚባለው በዚያው ቁስ ላይ ቀድመው መንገድ ከፍተው ነበር። ናካሙራ በራሱ ዘዴ ሄዶ በ1993 ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ለዓለም አሳየ። ኒቺያ ከደሴት ኩባንያነት የዓለም ስም ሆነ። ለናካሙራ የተሰጠው ጉርሻ 20 ሺህ የን ነው። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 200 ዶላር እንኳ አይደርስም። አሜሪካ ያሉ የሙያ ወዳጆቹ ይህን ሲሰሙ “ባሪያው ናካሙራ” የሚል ቅጽል አወጡለት ይባላል። ቀልድ ነው፤ ግን የሚያስቅ አይደለም።

በ1999 መጨረሻ ለቅቆ ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የቀድሞ ኩባንያው ምሥጢሬን ያወጣል ብሎ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ከሰሰው። እሱም በ2001 ቶኪዮ ላይ ከሰሰ። በጥር 2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ኒቺያ 20 ቢሊዮን የን ይክፈለው ብሎ ፈረደ። ዳኞቹ ሲያሰሉት የድርሻው ልክ ከ60 ቢሊዮን የን በላይ ነበር፤ የጠየቀው 20 ቢሊዮን ስለሆነ ነው እዚያ ላይ የቆሙት። ደስታው ግን ዓመት አልዘለቀም። ይግባኝ ተጠየቀና በጥር 2005 ነገሩ ወደ 840 ሚሊዮን የን በሚጠጋ ስምምነት ተዘጋ። በ2014 ናካሙራ ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። ከሽልማቱ በኋላ ከቀድሞ ቤቱ ጋር ለመታረቅ ጠየቀ። ኩባንያው ይቅርብን አለ።

ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ማኪያቶውን እያማሰለ ትንሽ ዝም አለና “20 ሺህ የኑ እንኳ ያሳፍራል” አለ። “ግን 20 ቢሊዮኑም ያስደነግጣል። እንዲህ ከተፈረደ ማን ገንዘቡን አውጥቶ ምርምር ያሠራል?”

ጃፓን ውስጥም ብዙዎቹ ያሉት ይህንኑ ነው። በኩባንያዎች ጉትጎታ ሕጉ ሁለት ጊዜ ተሻሻለ። በ2016 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት ኩባንያው አስቀድሞ ደንብ ካወጣ ሠራተኛ የፈለሰፈው ነገር ባለቤትነቱ ከመጀመሪያው የኩባንያው ይሆናል፤ ለሠራተኛው ተገቢ ጥቅም ይሰጠዋል። ተገቢው ስንት ነው? እሱ እንግዲህ ድርድር ነው። ድርድሩ የሚካሄደው ደግሞ ደመወዝ በሚከፍልና ደመወዝ በሚጠብቅ ሰው መካከል ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ይህን የምጽፈው ለጃፓን ፓርላማ ሕግ ላስተምር አይደለም። ወዳጄ የሳታት አንዲት ነገር ስላለች ነው። እሱ ክርክሩን ሁሉ የጀመረውም የጨረሰውም በገንዘብ ነው። የማሱኦካን ታሪክ መልሳችሁ እዩት። ሰውየው ከቤቱ የወጣው ጉርሻው ባነሰበት ቀን አይደለም። የፍርድ ቤት ክሱም ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ነው። የወጣው የሚሠራበትን እጅ ሊያስሩበት፣ ሰው ከሌለበት ክፍል ሊያስቀምጡት ሲሉ ነው። ናካሙራም በሥራው መካከል የገጠመው ነገር “አቁም” የሚል ትእዛዝ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውን ዳቦው ስለተሸጠ ድርሻ አትስጠው እንበል። ግን አዲስ ዳቦ ያወጣውን ጋጋሪ ከምድጃው አንሥተህ በረንዳ ላይ ወንበር ብትሰጠው፣ ደንበኛውም “ይሄን ማን ጋገረው?” ሲል “እኛ” ብትል፣ ያ ደመወዝ ስለከፈልክ ይታጠባል? ደመወዝ የሚገዛው ሰዓት ነው። ስም አይገዛም፤ ሙያም አይገዛም።

እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ “ይሄ የጃፓን ጠባይ ነው፤ አሜሪካ ቢሆን ኖሮ…” ማለቱ አይቀርም። እስቲ አሜሪካንም እንያት።

እርግጥ ነው፣ የሲሊከን ቫሊ ታሪክ የሚጀምረው በመውጣት ነው። በትራንዚስተር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ዊሊያም ሾክሊ ጎበዝ ጎበዝ ወጣቶችን ሰብስቦ ካሊፎርኒያ ላይ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ሰውየው ሊቅ ነበር፤ አለቃነት ግን አልተፈጠረለትም። ሠራተኞቹን ስለሚጠራጠር በውሸት መመርመሪያ ማሽን ይፈተኑ እስከማለት ደርሷል። በ1957 ስምንቱ ተጠራርተው ወጡና ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ። “ከሃዲዎቹ ስምንት” የሚል ስም ወጣላቸው። ፌርቻይልድ ደግሞ በተራው ትርፉን በሩቅ ላለው ዋና ኩባንያ እየላከ የሠሩትን ሰዎች ሲዘነጋ፣ ከስምንቱ ሁለቱ ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 ወጥተው ኢንቴልን አቋቋሙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ “ወደ ተፎካካሪ አትሂድ” የሚል የሥራ ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የተከፋ መሐንዲስ መንገድ ተሻግሮ ማዶ ይቀጠራል፤ ወይም የራሱን ቤት ይከፍታል። የዚያ ሸለቆ ሀብት ግማሹ ከዚህ ነፃነት የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግን እዚያም ቢሆን ሁሉም ነገር ማር አይደለም። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን ኢንቴል ውስጥ በ1971 የወጣውን 4004 የተባለውን የመጀመሪያውን የንግድ ማይክሮፕሮሰሰር ነድፎ እውን ያደረገ ሰው ነው። ቴድ ሆፍ፣ ስታንሊ ሜዘርና ጃፓናዊው ማሳቶሺ ሺማም እጃቸው አለበት። ፋጂን ቺፑ ላይ፣ በዓይን በማይታይ ቦታ፣ የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ቀርጾበታል። ሠዓሊ ሥዕሉ ጥግ ላይ እንደሚፈርመው መሆኑ ነው። ልብ አድርጉ፤ ሰው እንደማይነግርለት ቀድሞ ነፍሱ ነግራዋለች መሰለኝ። በ1974 ኢንቴልን ለቅቆ ዛይሎግ የሚባል ተፎካካሪ መሠረተ። እሱ ራሱ እንደሚናገረው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢንቴል የቺፑን ታሪክ ሲያወራ የእሱን ስም ይዘል ነበር። ፊደላቱ ግን ቺፑ ላይ ነበሩ። በ2010 ከሆፍና ከሜዘር ጋር ዋይት ሐውስ ተጠርቶ ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ ብሔራዊ ሜዳሊያ ተቀበለ።

የመውጣት ነፃነቱንም ቢሆን ትልልቆቹ አድብተው ሊዘጉት ሞክረዋል። አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቢን ጨምሮ የታወቁ ኩባንያዎች “አንተ የእኔን መሐንዲስ አትንካ፣ እኔም የአንተን አልነካም” ተባብለው ውስጥ ለውስጥ ተስማምተው ነበር። በ2010 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ደረሰበትና ስምምነቱ ቆመ። ከ64 ሺህ በላይ ሠራተኞች በአንድ ላይ ከስሰው በ2015 አራቱ ኩባንያዎች 415 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሆነ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሲካፈል ግን የጠበቃው ሳይቀነስ ለአንድ ሰው 6,500 ዶላር ገደማ ነው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ መድረክ ላይ ወጥተው “ትልቁ ሀብታችን የሰው ኃይላችን ነው” የሚሉት። ሀብታቸው መሆኑን አልተሳሳቱም፤ እንደ ሀብት ነው አጥር ያጠሩበት።

ሰውን ገሸሽ ማድረግ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ደግሞ ሞሪስ ቻንግን ተመልከቱ። ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የተማረ መሐንዲስ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ 25 ዓመት ሠርቶ እላይ ደርሶ ነበር። ከሚያውቀው ከቺፕ ሥራ አንሥተው ሌላ ዘርፍ ላይ አስቀመጡት። ከዋናው መንገድ መገለሉን ሲያይ በ1983 ለቀቀ። ታይዋን ጠራችው። በ1987፣ በ55 ዓመቱ፣ ሌሎች የነደፉትን ቺፕ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ። ያ ፋብሪካ ቲኤስኤምሲ ነው። ዛሬ በዓለም ካሉት እጅግ የረቀቁ ቺፖች አብዛኞቹ ከዚያ ይወጣሉ። አፕልም ኤንቪዲያም ደጁ ላይ ወረፋ ይይዛሉ። “ጊዜው አልፏል” የተባለ ሰው!

አሁን ወደ ቶሺባ ልመለስ፤ የቀረኝ አለ። ቶሺባ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የናንድ ፍላሽን አሠራር ፈቃድ ለኮሪያው ሳምሰንግ ሰጠ። ሳምሰንግ ተማረ፤ ቆይቶም አስተማሪውን ቀድሞ በዓለም አንደኛ ሆነ። በ2015 ቶሺባ ለዓመታት ትርፉን አጋንኖ ሲያወራ መኖሩ ተጋለጠ። በ2017 ደግሞ አሜሪካ ያለው ዌስቲንግሐውስ የሚባለው የኑክሌር ኩባንያው ከሰረ። ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ከሞት የሚያድነው ምን ነበረው? ፍላሽ! ያ ጥቂት መቶ ዶላር የተሰጠበት ፍላሽ። በ2018 የፍላሽ ክፍሉ ለባለሀብቶች ስብስብ በ2 ትሪሊዮን የን ተሸጠ። ለማሱኦካ የተሰጠውን 87 ሚሊዮን ከዚህ ጋር ብታነጻጽሩት ከ100 ሺህ የን ላይ 4 የን ከምናምን ይሆናል። ከዚያም ሁሉ በኋላ በታኅሣሥ 2023 ቶሺባ ከ70 ዓመት በላይ የቆየበትን የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ተሰናበተ።

የተሸጠው ክፍል በ2019 ስሙን ለወጠ፤ ኪዮክሲያ ተባለ። “ኪዮኩ” በጃፓንኛ ትውስታ ነው፤ “አክሲያ” በግሪክኛ ዋጋ። የትውስታ ዋጋ እንደማለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። መብራት ቢጠፋ የማይረሳውን ዕቃ የሠራ ቤት፣ የሠራለትን ሰው መብራቱ ሳይጠፋ ረሳው። ይህ ለማሱኦካ ብቻ በደል አይደለም። ማን ምን እንደሠራለት የማያውቅ ቤት የቱን መያዝ እንዳለበትም አያውቅም። ሳይመረምር ይሰጣል፤ ሲቸግረው ዋናውን ይሸጣል። ለሠሪ ሰው ስሙን መስጠት ምጽዋት አይደለም፤ ቤቱ ራሱን የሚያውቅበት መዝገብ ነው። ወዳጄ የሚፈራው 20 ቢሊዮን በብዛት የሚመጣውም ቀድሞ ምስጋናውና ቦታው ከቀረ በኋላ ነው። ሰው ጠበቃ የሚቆመው ሌላ የሚሰማው ሲያጣ ነው።

ጎበዝ፣ ቺፕ አንሠራም ብለን ከዚህ ወቀሳ እንዳናመልጥ። ሸማውን ለብሰን ሸማኔውን፣ በማረሻው አርሰን ቀጥቃጩን፣ በድስቱ በልተን ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ የኖርን ሕዝቦች ነን። ዛሬም የስብሰባ አዳራሽ ግቡና እዩ። ጥናቱን ሦስት ወር ሌሊት ያጠናው ባለሙያ ከጥግ ሆኖ የፕሮጀክተር ገመድ ያስተካክላል። ትናንት ማታ የተላከለትን ጽሑፍ መኪና ውስጥ ያነበበው ኃላፊ መድረኩ ላይ “ባጠናነው ጥናት መሠረት” ይላል። የበሬውን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ይሉ የለ አባቶች! በሬውም ቢሆን ዝም የሚለው ሣር እስካለው ነው። ሣሩ ከማዶ ሲለመልም ያየ ቀን ሞፈሩን ጥሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ “ወጣቱ አገሩን አይወድም” ብለን ሌላ ስብሰባ እንጠራለን፤ ለዚያም ጥናት የሚያጠና ሰው እንፈልጋለን።

ይህን ጽሑፍ ያሳተምኩት እዚያችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ልጅቷ ገጹን ስታስተካክል እያነበበች ኖሯል፤ ድንገት ቀና አለች።

“ጋሼ፣ ይሄ ማሱኦካ የሚሉት ሰውዬ የእውነት አለ?”

“አለ እንጂ! አንቺ ‘ማንስ ቢሠራው’ ስትይኝ አልነበር?”

አፈረችና ሳቀች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አወጣች። የምስጋናውን ገጽ ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። ከፈጣሪ፣ ከአማካሪ መምህሩና ከወላጆቹ ቀጥሎ፣ ጽሑፉን በትዕግሥት ስለጻፈችለት ተብሎ የእሷ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ገጹ ብዙ ጊዜ ከመገለጡ የተነሣ ጠርዙ ታጥፏል።

“አያችሁ!” ልል አሰኘኝ፤ ለቶሺባም፣ ለኒቺያም፣ ለነጋዴው ወዳጄም። አንድ የኪስ ገንዘብ የቸገረው ተማሪ ያልከበደው ነገር እናንተን ምን ከበዳችሁ?

“ጎበዝ ልጅ ነው” አልኳት።

“ጎበዝ ነው” አለች ጽሑፉን ወደ መሳቢያው እየመለሰች፤ “ሂሳቡን ግን እስከ ዛሬ አልከፈለኝም።”